ወንበሩ ከልጅቷ ጋር ይሳፈራል

ሰገነት ገና ሁለት ዓመት ላልሞላት ልጇ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠች የተባለ ዕለት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ያልሳቀ ሐበሻ አልነበረም። ሳቁ ደግሞ የደህና አይደለም፤ ሆድ ይዞ፣ ጭን እየመቱ የሚሳቅ ሳቅ ነው። እዚህ ሰፈር ልጅ ወልዶ አዲስ አበባ ደርሶ መምጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የልጁን የልደት ቀን ነው። ሁለት ዓመት ካልሞላው በእቅፍ ይሄዳል፣ ወንበር አይገዛለትም። ከሞላው አለቀ፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው። ልደቱ ሊቀድመን ነው ብለው ሥራ ጥለው የበረሩ አሉ፣ ሰርግ ያስቀደሙ አሉ። ኤልሻዳይ ገና ሃያ ወሯ ነው። አራት ወር የቀራት ልጅ! ማን ያበደ ነው ለእሷ ትኬት የሚቆርጠው?

“ለማን ነው ያልሽኝ?” አሉ እትዬ አምሳለ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው። የሐበሻ ቀሚስ በሚሸጡበት ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ፤ ሁለት ደንበኞችም ቆመው ጥልፍ ያማርጣሉ።

“ለኤልሻዳይ ነው፣ እትዬ። የራሷ ወንበር ላይ፣ በካር ሲቷ ሆና ነው የምትሄደው።”

“በመኪናው ወንበር?”

“አዎ።”

“አውሮፕላን ውስጥ?”

“አዎ አልኩዎት እኮ።”

“እሰይ! እንግዲያው ትርፍ ጎማውንም ይዘሽ ግቢ፣ መንገድ ላይ ቢተነፍስስ!”

ደንበኞቹ ከት ብለው ሳቁ። ሰገነት አልሳቀችም። ልጇን ታቅፋ፣ የእትዬን ጉንጭ ሦስት ጊዜ ስማ ወጣች።

እትዬ አምሳለ የባሏ የወንድይፍራው አክስት ናቸው። እናቱ በልጅነቱ ስትሞት እሱንም ታናሽ እህቱን አቢጋኤልንም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ ቤት ቃላቸው መሬት ጠብ አትልም። አሁን አቢጋኤል አዲስ አበባ ልታገባ ነው። ወንድይፍራው ጋርዴና ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ከጀመረ ወር ስላልሞላው ፈቃድ አላገኘም። በእሱ ፋንታ ሚስቱና ልጁ ከአክስቱ ጋር ሄደው ሙሽራዋን ሊያቆሙለት ተወሰነ።

ሰው ሳቀ እንጂ “ለምንድን ነው?” ብሎ የጠየቃት አንድም የለም። ቢጠይቋትም እውነቱን አትናገርም ነበር። እውነቱን ባሏም አያውቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ኤልሻዳይ የሰባት ወር ልጅ ሳለች ሰገነት ሲያትል ያለች ጓደኛዋን ጠይቃ ስትመለስ፣ ልጅቷን እንደ ሰው ሁሉ አቅፋ ነበር የተቀመጠችው። አልተኛችም። ስልክ አልያዘችም። ሁለት እጇን ልጅቷ ወገብ ላይ ጠምጥማ በመስኮቱ ደመና ታሳያት ነበር። በድንገት አውሮፕላኑ ቁልቁል ወረደ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያች ሁለት ሰከንድ ልጅቷ ከእጇ ወጥታ ከፊት ለፊቱ ወንበር ጋር ተላተመችና እግሯ ሥር ወደቀች። ሰገነት እጆቿን አየቻቸው። ባዶ ነበሩ።

ሐኪሞቹ አይተው ደህና ናት አሉ፤ የግንባሯም እብጠት በሳምንቱ ጠፋ። ለወንድይፍራው ግን “ከሶፋ ወደቀች” አለችው። ልጇን ከእጇ የጣለች እናት ከምባል ሶፋው ይውቀስ ብላ ነው። ደግሞስ ማን ያምናታል? ተኝታ ነበር ይሏታል። ስልክ ላይ ነበረች ይሏታል። የእኛ ሰው አፍ ይታወቃል እኮ! ዋሸች፤ ውሸቱንም ዓመት ሙሉ ይዛው ቆየች።

ሰገነት ካልቨር ሲቲ ከአንድ የቢሮ ሕንጻ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው የምትሠራው። ከዚያ ወዲህ እዚያች ትንሽ የመስታወት ክፍሏ ውስጥ ሆና፣ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ፣ በስልኳ የምታነበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ልጅ በአውሮፕላን ውስጥ በራሱ ወንበር መታሰር እንደሚችል አወቀች። ካር ሲቱን ገልብጣ ጎኑ ላይ በቀይ የተጻፈውን አነበበች፤ ለመኪናም ለአውሮፕላንም ይሆናል ይላል። ስፋቱን በሜትር ለካች። አየር መንገዱ ጋ አንዴ ደወለች፣ ይቻላል አሏት። አላመነችም፣ ደግማ ደወለች። ያነጋገሯትን የሁለቱንም ሰዎች ስም ስልኳ ላይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ሰገነት ፍንክች የለም።

ታዲያ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጉዱ ፈላ። ከየት እንደሰሙት እንጃ፣ ትኬት ያለው ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው። አይ ሰው! ትናንት ሲስቅባት የነበረው ሁሉ ዛሬ ፌስታል አንጠልጥሎ በሯ ላይ ቆመ። ለእናቴ ይቺን መድኃኒት፣ ለወንድሜ ይቺን ጫማ፣ “ኤልሻዳዬ፣ የእኔ ቆንጆ፣ አድርሺልኝ እሺ?” እያሉ ለሃያ ወር ልጅ አደራ ይሰጣሉ። እትዬ አምሳለ ደግሞ የሰርጉን ዕቃ ጫኑባት፤ ለሚዜዎቹ ጨርቅ፣ ለሙሽራዋ ሽቶ፣ የማያመጡት የለም።

“ሻንጣውን እንደፈለጋችሁ ሙሉ” አለች ሰገነት። “ወንበሩን ግን የሚነካ ሰው እንዳላይ!”

“ማን ነካብሽ?” አሉ እትዬ አምሳለ።

የበረራው ቀን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወንድይፍራው ሦስቱንም ድራይቭ አድርጎ አየር ማረፊያ አደረሳቸው። ሻንጣዎቹን በሁለት ጋሪ ደርድሮ፣ ካር ሲቱን ከላይ ጭኖ፣ ሰልፍ ያዙ። ፓስፖርቶቹን በሙሉ የያዙት እትዬ አምሳለ ናቸው። ትልቅ ሰው ባለበት ፓስፖርት የሚይዘው ትልቁ ሰው ነው፤ ይኼ የማይጠየቅ ነገር ነው። ሰገነትም አልጠየቀችም። ተራቸው ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀር ግን ኤልሻዳይ ዳይፐሯን አበላሸች።

“ሂጂ ቀይሪላት፣ እኛ እንጨርሳለን” አሉ እትዬ።

ሄደች። ሩብ ሰዓት ቢፈጅባት ነው። ስትመለስ ጋሪዎቹ ባዶ ናቸው፣ ሻንጣዎቹ ሄደዋል፣ እትዬ አምሳለ ሦስት የመሳፈሪያ ወረቀት እንደ መሀረብ ያራግባሉ።

“ወንበሩስ?” አለች ሰገነት።

ወንድይፍራው ጫማውን ማየት ጀመረ።

“ሄደልሽ፣ ተገላገልሽ” አሉ እትዬ አምሳለ። “በፕላስቲክ ጠቅልለን ላክነው። ካር ሲት እኮ አይመዘንም፣ ከሻንጣም አይቆጠርም፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ደግሞ ባዶውን ከሚሄድ ብለን ሆዱ ውስጥ የአቢጋኤልን ጫማና ብሌንደሩን ወሸቅንበት።”

“ምን አደረጋችሁ?”

“ኧረ ቀስ፣ ሰው ይሰማል!”

“አንተስ?” አለች ወደ ባሏ ዞራ። “አፍ የለህም?”

“ሰጊ፣ ሊስን። ልጅቷ ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ በእቅፍ ይቻላል አለች ሠራተኛዋ። ሶ እትዬ አንቺ እንደተስማማሽ ነገሯት። እኔ ደግሞ... ሰልፉ ረጅም ነበር።”

ሰልፉ ረጅም ነበር! ሰገነት ቆሽቷ አረረ። ልጇን እንዳቀፈች፣ ከሰልፉ ፊት የቆሙትን ሰዎች በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ሠራተኛዋ ጸጉሯን ወደ ላይ የጠቀለለች ወጣት ናት። ሰገነት በእንግሊዝኛዋ፣ በመኪና ማቆሚያው ከጮሌ ሾፌሮች ጋር ስትከራከር በተማረችው እንግሊዝኛ፣ ነገሩን አስረዳቻት። ወንበሩ የልጄ ነው። ትኬት አላት። ያለ እኔ ፈቃድ ነው የተላከው። አስመልሺልኝ።

“አዝናለሁ፣ ዕቃው ወደ ታች ወርዷል” አለች ሠራተኛዋ። “አዲስ አበባ ላይ ታገኙታላችሁ።”

“አዲስ አበባ ላይ ምን ያደርግልኛል? የምትታሰረው አየር ላይ ነው!”

“ልጅሽን ማቀፍ ትችያለሽ፣ ይፈቀዳል።”

“እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። እኔ አልፈቅድም።”

ሠራተኛዋ ዓይኗን ወደ ሰልፉ ወረወረች። ሰልፉ ማጉረምረም ጀምሯል። ከኋላ አንዱ፣ ደግሞ በአማርኛ፣ “ምን አይነቷ ሴትዮ ናት፣ አውሮፕላን ልታስመልጠን ነው እንዴ!” ይላል። እትዬ አምሳለ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

“አሳፈርሽኝ” አሉ። “በዚህ ዕድሜዬ የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ! ለአንድ ፕላስቲክ ወንበር?”

“ሰጊ፣ ፕሊስ” አለ ወንድይፍራው። “ለዛሬ ብቻ እቀፊያት። ሰርጉ ይለፍሽ?”

“ይለፈኝ!”

“የእህቴ ሰርግ እኮ ነው!”

“ይቺ ደግሞ ልጅህ ናት! ወንበሩ ካልመጣ አልሳፈርም። አንድ እርምጃ አልራመድም። እዚሁ ነኝ።” ቦርሳዋን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ኤልሻዳይ የእናቷን የጆሮ ጌጥ ይዛ ትጎትታለች።

ያን ጊዜ እትዬ አምሳለ ድምፃቸው ተለወጠ። ቁጣው ጠፋ፣ በቦታው ሌላ ነገር መጣ። “ገባኝ” አሉ ቀስ ብለው። “አሁን ገባኝ። እኔን ነው የናቅሽው። ተራ በተራ እንይዛታለን ብዬሽ ነበር፣ እኔ አቅፋታለሁ ብዬሽ ነበር። ይሄን ባልሽን ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሳመጣው የኤልሻዳይን ያህል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ክንዴ! መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነበር። አንዴ አልጣልኩትም። ዛሬ አርጅተዋል፣ ይጥሏታል ነው የምትይኝ?”

እጃቸውን ዘርግተው ክንዳቸውን አሳዩዋት። ቆዳው የላላ ክንድ ነው፣ የወርቅ አምባር አለበት። ሰገነት ጠብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይሄንን ግን ዋጥ አድርጋ ማለፍ አቃታት።

“የእርስዎን ክንድ አይደለም፣ እትዬ” አለች። “ያላመንኩት የራሴን ነው።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ከሶፋ አልወደቀችም።”

ወንድይፍራው ቀና አለ።

“ያኔ ከሲያትል ስመለስ” አለች ሰገነት፤ ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ተከታትሎ መጣ። “አውሮፕላኑ ወረደ፣ እሷም ከእጄ ወጣች። እንደዚህ አድርጌ ይዣት፣ እንደዚህ! ከእጄ ወጥታ በግንባሯ ተላተመች። እኔ ነኝ የጣልኳት። አንድ ዓመት ሙሉ ሶፋው ነው እያልኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

“ዋሸሽኝ?” አለ ወንድይፍራው። ክው ብሎ ነበር።

“አዎ ዋሸሁህ። ስመለስ ተቆጣኝ፣ መብትህ ነው፣ የፈለግከውን በለኝ። አሁን ግን ወንበሩን አስመጣልኝ!”

እትዬ አምሳለ የዘረጉትን ክንድ አላጠፉትም። ሰገነትን ትክ ብለው አዩዋት፤ የሰው ልብ በዓይን የሚገለጥ ይመስል።

“ተኝተሽ ነበር?” አሉ።

“አልተኛሁም።”

“በአንድ እጅሽ ነው የያዝሻት?”

“በሁለት እጄ።”

“በሁለቱም እጅሽ?”

“በሁለቱም፣ እትዬ። እግዜር ያውቃል።”

እትዬ አምሳለ ኤልሻዳይን አዩዋት፣ ከዚያ የራሳቸውን ክንድ አዩና አምባሩን ወደ ላይ ገፋ አደረጉት። ሰገነት ስድቡን ጠበቀች። “ምን እናት ነሽ” የሚለውን ጠበቀች። ወንድይፍራውም ከአክስቱ አፍ የሚወጣውን እየጠበቀ ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። እትዬ ግን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ሦስት እርምጃ ሄደው፣ ሻንጣ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

ሚዛኑ ሰማንያ አንድ ኪሎ አለ።

“ማም!” አለች ሠራተኛዋ ደንግጣ። “እዚያ መቀመጥ አይቻልም!”

“ኖ ቼር፣ ኖ ጎ!” አሉ እትዬ አምሳለ። ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖረው እንግሊዝኛቸው ያቺው የሱቅ እንግሊዝኛ ናት፤ ግን በዚያች እንግሊዝኛ ስንቱን የቤት አከራይ አንበርክከዋል። “ቤቢ ቼር! ብሪንግ! ናው!”

“ማም፣ እባክሽ ተነሺ፣ ካልሆነ ሴኩሪቲ እጠራለሁ።”

“ኮል! ኮል ሴኩሪቲ! ፖሊስም ጥሪ!” ከዚያ ወደ አማርኛ ገቡ፤ ሠራተኛዋ ባይገባትም ሰልፉ ይስማ ብለው ነው። “እኔ ነኝ የላክሁት፣ እኔ ነኝ የዋሸኋት፣ እኔ አስመልሳለሁ! ምን ታደርጉኛላችሁ? የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ትጎትታላችሁ? ኑ ጎትቱኝ!” ቅድም በአማርኛ ሲያጉረመርም የነበረውን ሰውዬ በጣታቸው ጠቁመው፣ “አንተም አፍህን ያዝ!” አሉት። ሰውዬው ያዘ።

ወንድይፍራው መጀመሪያ ሚስቱን አየ፣ ቀጥሎ አክስቱን አየ። ከዚያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዘው ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። “ሱፐርቫይዘርሽን ጥሪልኝ” አላት። “የልጄ ወንበር ነው። ያለ እናቷ ፈቃድ ከሻንጣ ጋር ቼክ ያደረግነው እኛ ነን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። አልሄድም።”

አለቃዋ መጣ፤ ረጅም፣ የደከመው ሰውዬ። ሰገነት ሁለቱን የስልክ ንግግሮች፣ ስሞቹንም ቀኑንም ነገረችው። እሱ የልጅቷን ትኬት በኮምፒውተሩ አየ፣ ሚዛኑ ላይ የተቀመጡትን እትዬ አምሳለን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ስልክ አንስቶ ወደ ታች ደወለ። ቃል አልገባላቸውም፤ “ካልተጫነ ይፈልጉታል” ብቻ ነው ያለው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። አርባ ደቂቃ ሙሉ እትዬ ከሚዛኑ አልተነሱም፤ ሰልፉ በሌላ መስኮት እንዲስተናገድ ተደረገ። ወንድይፍራው ውኃ ገዝቶ አመጣላቸው። ለሰገነትም አመጣላት፣ ሲሰጣት ግን ዓይኗን አላያትም።

በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ በጋሪ እየገፋ አመጣው። ወንበሩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ተለብጦ፣ ምን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ወንድይፍራው በቁልፉ ቀደደው። የአቢጋኤል ነጭ ጫማ ወጣ፣ ብሌንደሩ ወጣ፣ ማንም ያልተናገረለት አንድ ኪሎ ቪታሚንም ወጣ። እትዬ አምሳለ ጫማውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ብሌንደሩን ለወንድይፍራው አሸከሙት፣ “አንተ ጁስ ጠጣበት” አሉት።

ወንበሩን እስከ ፍተሻው በር ድረስ በትከሻው የተሸከመው ወንድይፍራው ነው። እዚያ ሲደርሱ አውርዶ ለሰገነት ሰጣት፣ ልጁን ሳመ። “ቅር ብሎኛል” አላት። “ስለ ወንበሩ አይደለም።”

“አውቃለሁ።”

“ስትደርሺ ደውዪልኝ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ትነግሪኛለሽ።”

“እነግርሃለሁ።” አቀፈችው፤ እሱም አቀፋት።

አውሮፕላኑ ሞልቷል፣ ግማሹ የእኛ ሰው ነው። ሰገነት ወንበሩን መስኮት ጋ አስገብታ፣ በጉልበቷ ተጭና፣ የአውሮፕላኑን ቀበቶ ከኋላው አሳልፋ አሰረችው። የአየር መንገዱ አስተናጋጅ መጥታ ቀዩን ጽሑፍ አነበበች፣ ወንበሩን በእጇ ነቅነቅ አደረገችው፣ “ጥሩ ነው” ብላ አለፈች። ኤልሻዳይ ግን ማሰሪያው ደረቷ ላይ ቀጭ ሲል ጩኸቷን አቀለጠችው።

ከዚያ ተጀመረ። ሐበሻ በተሳፈረበት አውሮፕላን ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ የሁሉም ልጅ ነው። ከኋላ ያሉ ሽማግሌ ተነስተው፣ “ኧረ ፍቷት! ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?” አሉ። ከመተላለፊያው ወዲያ ያለች ሴትዮ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ “አምጪያት እኔ ልያዝልሽ፣ የእኔ እናት፣ አምጪያት” ትላለች። “እንደ ውሻ አሰረቻት እኮ!” አለ ሌላው። አውሮፕላኑ ከቦታው መንቀሳቀስ ጀምሯል።

“አትወጣም!” አለች ሰገነት ጮክ ብላ። “ትጩህ! አዲስ አበባ እስክንደርስ ትጩህ፣ አትወጣም!”

ሴትዮዋ እጇን አልሰበሰበችም። በዚያች እጅና በኤልሻዳይ መካከል፣ ከሰገነት ቀጥሎ መተላለፊያው ዳር የተቀመጡት እትዬ አምሳለ ናቸው። ተንጠራርተው ወደ ልጅቷ እጃቸውን ሲልኩ ሰገነት አየች። ያሳደጉት ሰው ልጅ እያለቀሰች፣ ሕዝብ ፍቷት እያለ፣ እኚህ ሴት እንዴት ይችሉታል? እጃቸውን ለመያዝ እጇን አነሳች።

እትዬ አምሳለ ሁለት ጣታቸውን በማሰሪያውና በልጅቷ ትከሻ መካከል አስገብተው ሳብ አደረጉት።

“ላልቷል” አሉ። “አጥብቂው።”

ሰገነት አጠበቀችው።